ኖር የተባለው እንግዳ

መብራቱ ሄዷል። እስኪመጣ ልንገራችሁ። የደፈረ ወደ በሩ፣ የፈራ ወደ መሃል። ልጅ ያቀፈች ልጇን ታጥብቅ። እኔም አጥብቄያለሁ።

ድሮ ነው። የእጅ ስልክ ሳይመጣ። አልጣሽ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች። ልጇ ያፌት አራት ዓመቱ ነው። ልቡን ታመመ። እዚህ አይቻልም ተባለ። ጣሊያን አገር፣ ስሟን በማልጠራት ከተማ፣ ሆስፒታል ተገኘለት። ማደሪያውን ግን ራስሽ ፈልጊ ተባለች። ለስንት ጊዜ? ለሦስት ወር። ሦስት ወር ሙሉ በሰው አገር የት ይታደራል? እናንተስ ብትሆኑ የት ታድራላችሁ?

አስራ አንድ ሰዓት ነው። የኛ አስራ አንድ ሰዓት። በኛ አገር በአስራ አንድ ሰዓት ልጆች ገና ደጅ እየተጫወቱ ነው። እዚያ ብርዱ ሲገባ በአስራ አንድ ሰዓት ይጨልማል። ድቅድቅ ይላል። በረዶ ይወርዳል። መንገዱ ላይ ሰው የለም። አልጣሽ ልጇን አዝላ ትሄዳለች። ከጎኗ እትዬ አጸደ አለች። እትዬ አጸደ ሆስፒታሉ ውስጥ ወለል የምትወለውል ያገራችን ሰው ነች፤ የምታስተረጉምላትም እሷ ነች።

አንዱን በር አንኳኩ። «ተይዟል» አሏቸው። ሁለተኛውን አንኳኩ። «ልጅ ያለቅሳል፣ አንፈልግም» አሏቸው። ሦስተኛው ከፈተ፣ አያቸው፣ ዘጋ።

«ይሄኛውስ ምን አለ?» አለች አልጣሽ።

«ይሄማ አስተርጓሚ አያስፈልገውም» አለች እትዬ አጸደ።

መጨረሻ ላይ አንድ አሮጌ ፎቅ ደረሱ። አራተኛ ደርብ ወጡ። ባለቤቷ አሮጊት ሲኞራ ነች። ክፍሉን አሳየቻቸው። አልጋ አለ። የብረት ምድጃ አለ። በመስኮቱ ሆስፒታሉ ይታያል። ከዚያ ሲኞራዋ መናገር ጀመረች። ደረጃውን እያሳየች፣ በሩን በጣቷ እየመታች፣ ብዙ ተናገረች።

«ምን አለች?»

እትዬ አጸደ ልጁን አየችው። ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ግቡ አለች» አለቻት። «ቤቱ ሙቀት አለው አለች።»

ያን ሁሉ ተናግራ ግቡ ብቻ? አልጣሽ አልጠየቀችም። ቤት ያጣ ሰው ይጠይቃል?

የመጀመሪያው ቀን መሸ። ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ቀስ ይላል። አንደኛ ደርብ ላይ ቆመ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ማንም አልከፈተም። ሁለተኛ ደርብ ወጣ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ማንም አልከፈተም። ሦስተኛ ደርብ ደረሰና ጠፋ።

በሁለተኛው ቀን አራተኛ ደርብ ወጣ። በሯ ላይ ቆመ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«ቤቶች!»

በአማርኛ! በዚያ አገር፣ በዚያ ፎቅ፣ በአማርኛ! አልጣሽ ልጇን ወደ ደረቷ ሳበች። በጨለማ የጠራን ባንዴ አቤት አይባልም። እናቷ ነግራታለች። እናንተንስ ነግረዋችሁ የለ?

ሦስተኛው ቀን መሸ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«ቤቶች! ያገር ልጅ ነኝ። ማደሪያ አጥቼ ነው። በርዶኛል።»

ማደሪያ አጥቼ! ይሄን ቃል እሷ ራሷ በየሰው በር ስትለው አልነበር? ልጇ ጭኗ ላይ ተኝቷል።

«ይግቡ፣ ክፍት ነው» አለች።

ገባ። ስስ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ነው። ትከሻው ላይ በረዶ አለ። ምድጃው ይነዳል፤ በረዶው ግን አይቀልጥም። አልጣሽ ይሄን ልብ ያለችው በኋላ ነው። አስቀድማ ያደረገችው እናንተም የምታደርጉትን ነው። ልጇን እንዳቀፈች ብድግ አለች።

«ኖር!» አለች።

ኖር የተባለ ሰው ምን ይላል? እስቲ ንገሩኝ። «በእግዜር፣ አይነሱ!» ይላል። አይደለም እንዴ? እሱ በእግዜር አላለም። የእግዜርን ስም አልጠራም። ቀና ብሎ አያትና፣

«እሺ» አለ። «እኖራለሁ።»

ሄደና የልጁ አልጋ እግርጌ ተቀመጠ። አልጣሽ ዓይኗን ጨፍና ስትገልጥ የለም። ፍራሹ ግን የተቀመጠበት ላይ ጎድጉዷል።

በማግስቱ የያፌት እግር ቀዘቀዘ። ቀጥሎ ጉልበቱ። ቀጥሎ ወገቡ። ብርድ ልብስ ደረበችለት። እሳት ጨመረች። ላዩ ላይ ተኛችበት። ገላው መሞቅ እንቢ አለ። ወደ ሐኪሙ ወሰደችው። ሐኪሙ ሲነካው እጁን ሰበሰበ።

«እስከ ሰኞ ካልሞቀ ኦፕራሲዮን የለም» አለ።

ኦፕራሲዮን ከሌለ ያ ልብ እስከ መቼ ይመታል?

እትዬ አጸደ ይሄን ስታስተረጉም አለቀሰች።

«አልጣሽዬ፣ በድዬሻለሁ። ሲኞራዋ ያን ቀን ሌላም ነገር ብላ ነበር።»

«ምን አለች?»

«ልጅ ሳለሁ አንድ ያገራችሁ ሰው ክፍል ሲለምን መሽቶበት፣ ደረጃው ላይ ደርቆ ተገኘ አለች። እስከ ዛሬ ሲመሽ በር ይመታል። ቋንቋው አይገባንምና ማንም አይመልስለትም። እናንተ ግን ይገባችኋል፤ አደራ፣ አትመልሱለት አለች።»

«ምነው እትዬ አጸደ! ምነው!»

«ልጁ ደጅ ሊያድር ነበራ! ምን ላድርግ?»

አልጣሽ ጓዟን ልታወጣ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ልጁ ጀርባዋ ላይ ነው። ገና ስትሸክፍ ጨለመ። ፍራሹ ጎድጎድ አለ።

«አባቴ፣ ቤቱ የእርስዎ ይሁን» አለች። «እኛ ወጣን።»

«ቤት ምን ያደርግልኛል?» አለ ድምፁ። «የሚያሞቀኝ ልጁ ነው።»

ሮጠች! ጓዙን ጥላ ደረጃውን ወረደች። ከኋላዋ ኮቴው ይወርዳል። ሦስተኛ ደርብ ላይ አንኳኳች፤ ማንም አልከፈተም። ሁለተኛ ደርብ ላይ አንኳኳች፤ ማንም አልከፈተም። ደጅ ወጣች። ልጇን ወደ ደረቷ አዞረችው። በዚያ ብርድ ከሷ አፍ እንፋሎት ይወጣል። ከልጇ አፍ አይወጣም።

ቆመች። ዞረች።

«ሙቀት ነው የፈለጉት?» አለች። «እንግዲያው የኔን ይውሰዱ። እሱን ይተዉልኝ።»

እጇን ዘረጋች። ያዛት።

ያኔ ከያፌት አፍ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ወጣ። «እማዬ፣ ቀዘቀዝሽ» አላት።

ያፌት ታከመ። ዳነ። ዛሬ እሱም የልጅ አባት ነው። እሷ ግን አገሯ ገብታ፣ በዚህ በኛ ከተማ ወበቅ፣ ሁለት ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጇን አላቀፈችውም። እንዴት ትቀፈው?

ስለዚህ እላችኋለሁ፣ በሰው አገር ቤት ፍለጋ ብቻችሁን አትሂዱ። በመሸ መንገድ ብቻችሁን አትሂዱ።

አልጣሽ የት ናት አላችሁኝ? እዚሁ ሰፈር ነች ይላሉ። መብራት ሲጠፋ ሰው ወደተሰበሰበበት ትመጣለች። ድምፅ ሳታሰማ ጥግ ትይዛለች። የሰው ትንፋሽ ትሞቃለች።

እስቲ ጎናችሁ ያለውን ሰው እጅ ያዙ። ያዛችሁ? ሁላችሁም? ይሞቃል?

ማነው የጮኸው?