አፕዴቱ የማይነካው ፎልደር

የማድረቂያው ሠራተኛ ደመላሽ የሞተው ወናጎ ባለው የቡና ማዘጋጃ፣ ማድረቂያው ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት ሲያገኙት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር፤ ቁስል የለበትም። ሐኪሙ የምድጃው መርዛማ ጋዝ እንደገደለው አረጋገጠ። ጋዝ ሲበዛ መጮህ የነበረበት ደወል ግን አልጮኸም።

ከዲላ የመጣችው ኢንስፔክተር ሀዲጃ መጀመሪያ የድርጅቱን የኮምፒውተር ባለሙያ መልከጼዴቅን አነጋገረች። ከስልኩ ቀና ሳይል መለሰላት።

«ደወሉን የሚያዘው ፕሮግራም የኮምፒውተሩን ሲስተም፣ ሊኑክሱን፣ አፕዴት ሳደርግ ጠፋ። ደወሉን የሸጠልን ሸምሰዲን የሚባል ነጋዴ የጫነው ነው። ለአንቺ ማስረዳቱ ይከብዳል።»

«እስቲ ሞክር።»

«ከሲስተሙ የራሱ ፋይሎች ጋር ቀላቀለው፤ አፕዴቱ ጠረገው። የት እንደሚጫን እንኳ የማያውቅ ሰው ነው።»

ሥራ አስኪያጁ አቶ ወንድይራድ ላብ አጥምቋቸዋል። «ጩኸቱ ሰልችቶኝ አጥፉልኝ ብያለሁ፣ አልክድም። ግን እኔ ኮምፒውተር የማስከፍተው በሰው ነው።»

ሸምሰዲንን ደግሞ ለብቻው ጠየቀችው።

«የት ጫንከው?»

«ኦፕት የሚባል ፎልደር ውስጥ። ከውጭ ለሚመጣ ፕሮግራም የተለየ ቦታ ነው፤ ሲስተሙ ራሱን ሲያድስ እዚያ አይገባም። መልከጼዴቅ ግን በማግስቱ የይለፍ ቃሉን ቀየረብኝ። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።»

ሀዲጃ ኮምፒውተሩን ስትመረምር ቆየችና ሁሉንም ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሰበሰበች። የደመላሽ ሚስት የትምወርቅም ጥቁር ለብሳ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«መልከጼዴቅ፣ አንተ የሠራኸውን የቡና ሚዛን ፕሮግራም የት ጫንከው?»

ፈገግ አለ። «ኦፕት ውስጥ ነዋ። አፕዴት እንዳይነካው።»

«የሸምሰዲንም እዚያው ነበር።»

«እሱ ነው ያለሽ?»

«ኮምፒውተሩ ነው። በተከፈተ ቁጥር ዛሬም የደወሉን ፕሮግራም ኦፕት ውስጥ ይፈልገዋል፤ ያጣዋል። ያንተ ግን በቦታው አለ። አፕዴት መርጦ አይሰርዝም፤ ሰው ነው የሚመርጠው። አቶ ወንድይራድ አይችሉበትም፣ ሸምሰዲን የይለፍ ቃል የለውም። የቀረኸው አንተ ነህ። ፖሊስ ይህን አያውቅም ብለህ ያንተን የት እንደጫንከው ለመደበቅ እንኳ አልደከምክም።»

ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። «ይሄ ነጋዴ እንዲባረር ነበር የፈለግኩት። የራሴን ደወል ልሠራላቸው እችል ነበር። ስለ ደመላሽ አላሰብኩም።»

የትምወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። «በየቀኑ በጠረጴዛህ በኩል ነበር የሚያልፈው» አለች።

ሀዲጃ ካቴናውን ከኪሷ አወጣች።