«ደርሷል» ያለው መብራት

ሟቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መርማሪውን ያበሳጨውም ይኸው ነው። ሰውየው ከውሃ ማጣሪያው የክሎሪን ክፍል በራሱ እግር ወጥቷል፣ በሩን ዘግቷል፣ ከዚያ ግድግዳው ሥር ካለችው የብረት ወንበር ላይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሞቷል። መንገዱ ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ አለ፤ ለማንም አልደወለም። ፊት ለፊቱ የእርዳታ ጥሪ ቁልፍ አለ፤ ከቁልፉ በላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት በርታለች። ሐኪሙ ደግሞ «ቶሎ ኦክስጅን ቢያገኝ ይተርፍ ነበር» ብሎ ነገሩን አከረረው።

«ሳንባው እየተቃጠለ ሰው እንዴት አርፎ ይቀመጣል?» አለ መርማሪው ለራሱ። ባልደረቦቹ «መርፌ» ይሉታል፤ ቀጭን ስለሆነም፣ ያገኘውን ሳይወጋ ስለማያልፍም።

ሥራ አስኪያጁ መልሱን አዘጋጅቶ ነበር የጠበቀው። ሠራተኛ ያንን ቁልፍ ሲጫን ጥሪው በሞደም፣ በሞባይል ኔትወርክ አድርጎ ከተማ ወዳለው የቁጥጥር ክፍል ይሄዳል። ዛሬ ግን አልሄደም። ሞደሙን ያስተካከለችው ቴክኒሺያኗ ናት፤ ስለዚህ ገዳይዋም እሷ ናት። እሷማ እጇ በካቴና ታስሮ ፖሊስ መኪና ውስጥ ከገባች ቆይታለች።

«ያ ሞደም የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ኔትወርክ የለም፣ ኔትወርክ የለም፤ ሁልጊዜ እንደዚሁ ነው።»

«ከሟቹ ጋር ትጣሉ ነበር አሉ?»

«የጋዝ ጭንብሉ አርጅቷል እያለ ይነዘንዘኝ ነበር። ልቀይርለት ነበር እኮ።»

«መቼ?»

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን አስተካከለ። መርፌ ጥርሱን ነክሶ ወደ መኪናው ሄደ።

«መስመሩ ይቋረጥ ነበር፤ አልክድም» አለች ቴክኒሺያኗ በእልህ። «ኔትወርኩ ዝም ያለ መስመር አይወድም፤ ሳይናገር ይዘጋዋል። ሞደሙ ግን የተገናኘ ይመስለዋል። በኋላ ሲነቃ እንደ አዲስ ይገናኛል፤ በተገናኘ ቁጥር ደግሞ ከተማ ያለው ማሽን ጢጥ ይላል። ቀኑን ሙሉ ጢጥ፣ ጢጥ! ተረኛው ሊያብድ ነበር።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«መስመሩ ሳይዘጋ በየጊዜው ‹አለሁ› እንዲል አደረግኩት። መልስ ካጣ ራሱን አጥፍቶ ያበራል። ከዚያ ወዲህ አንዴም አልጠፋም፤ ገብተው ይዩት!»

«ያልደረሰ ጥሪስ?»

«ይዞ ያቆየዋል። ከተማ ያለው ሰው ‹ደርሷል› የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ጢጥታውን ዝም እስኪያሰኘው ድረስ ደጋግሞ ይልካል። ያኔ እዚህ ግድግዳው ላይ አረንጓዴዋ ትበራለች።»

መርፌ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ካቴናዋን ፈታና ሞደሙን አስከፈታት፤ መዝገቡን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆይቶ «አንቺም ነይ፤ ወደ ከተማ» አለ።

የቁጥጥር ክፍሉ ተረኛ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ዓይኑ አብጧል፤ የተሰበረ መነጽሩን በሰማያዊ ፕላስተር ጠግኖታል።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ምንም አልጮኸም!» አለ።

«ድሮ ግን ይጮህ ነበር።»

«ኧረ ተዉኝ! እህል ልቀምስ ስል ጢጥ፣ ሽንት ቤት ስገባ ጢጥ። ለአለቃ ብትናገር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። አሁን ግን ጸጥ ብሎልኝ ነበር።»

መርፌ ማሽኑ ላይ አጎነበሰ። ቁልፎቹ ሁሉ በእጅ እድፍ ጠቁረዋል፤ የ«ደርሷል» ቁልፍ ዙሪያ ብቻ ተፈትጎ ያበራል። ጠርዙ ላይ አንዲት ሰማያዊ ቁራጭ ቀርታለች።

ሥራ አስኪያጁን አስጠራ። የሟቹም ሚስት የባሏን ልብስ ልትቀበል መጥታ ስለነበር ገብታ ቆመች።

«መስመሩ ተቋርጦ ቢሆን ሞደሙ ራሱን አጥፍቶ ያበራ ነበር፤ አላደረገም። ስለዚህ መስመሩ ነበረ» ብሎ ጀመረ መርፌ።

«መስመር ኖሮም ላይልክ ይችላል» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ያልደረሰ ቢኖር ይዞት ይገኝ ነበር፤ ባዶ ነው። ጥሪው እዚህ ደርሷል፤ ቁልፉም ተጭኗል። አለዚያ አረንጓዴዋ አትበራም።»

ሁሉም ወደ ተረኛው ዞሩ። «አልተጫንኩም!» ብሎ ጮኸ። «ወንድሜ እኮ ነው!»

«አምንሃለሁ» አለ መርፌ። «በሞደሙ መዝገብ ላይ ጥሪው በተላከባት ሰከንድ ነው መልሱ የተመለሰው። ሰው ቢሆን ይሰማል፣ ይነሳል፣ እጁን ይዘረጋል። ለሳምንታት የመጣው መልእክት ሁሉ እንዲሁ ነው የተመለሰው። ማንም አልተጫነውም፤ አስቀድሞ ተጭኖ፣ በፕላስተር ታሽጎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እዚህ ክፍል ዝር አይሉም፤ ቴክኒሺያኗም ውሎዋ ውሃ ማጣሪያው ነው። ሰማያዊው ፕላስተር ደግሞ ያው ፊትህ ላይ አለ።»

ተረኛው መነጽሩን አወለቀ። «ለአንድ ቀን ብዬ ነው... ከዚያ ጸጥ ሲል ረሳሁት፤ ሌሎቹ ተረኞችም አልነኩትም። ዛሬ ሲነግሩኝ ትዝ አለኝና ላጥኩት። እጄን በእጄ ቆረጥኩ።»

«አስተካክዬዋለሁ ብዬህ አልነበር?» አለች ቴክኒሺያኗ፤ እንባዋ መጣ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ጸጥ ያሰኘው አንቺ ትሁኚ ፕላስተሩ ይሁን፣ በምን ልወቅ?»

«እሷ በካቴና ስትወሰድስ ለምን አልተናገርክም?» አለ መርፌ። ደሙ ፈልቷል። ሥራ አስኪያጁ በረጅሙ ሲተነፍስ ወደ እሱ ዞረ። «እርስዎም አይተንፍሱ፤ ያንን ያረጀ ጭንብል ለማስረጃ ወስጄዋለሁ።»

«እሺ፣ ባሌ ለምን ተቀመጠ?» አለች ሚስትየው።

መርፌ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጉሮሮው ስለተቃጠለ ስልክ አይረባውም። ቁልፉን ተጫነ፤ አረንጓዴዋ ወዲያው በራች። ጋዝ የነካው ሰው እንዳይሮጥ፣ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ ተምሯል። እየመጡልኝ ነው ብሎ ጠበቀ፣ እትዬ።»

ሴትየዋ ወደ ዋርሳዋ ተጠጋች። አልጮኸችም።

«የክሎሪኑን ሲሊንደር የሚቀይረው አንተ ተረኛ በሆንክ ቀን ብቻ ነበር፤ ታውቃለህ? ሌላ ቀን አይነካውም። ‹ነፍሴን አደራ የምለው ለወንድሜ ብቻ ነው› ይል ነበር።»

ተረኛው ካቴናው እስኪቀርብለት አልጠበቀም፤ ሁለት እጆቹን ራሱ ዘረጋ።