ስምንት ሜትር ቀይ ካቦ

ከግንቡ ወዲያ ያለችው ልብስ ሰፊ ለደንበኛዋ ስታወራ ነው እህትየው የሰማችው። «መካኒኩ እኮ የሚስቱን ወንድም ነው የበላው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ሳታቆም። «ትልቁ ዊንች ይገዛ ቢባል፣ አይ ትንሹ ይበቃል ብሎ ድርቅ። ይኸው፣ በቃ።» ደንበኛዋ ከንፈሯን መጠጠችና «ሚስትየዋስ አሁንም ምሳ ታመላልስለታለች?» ብላ ጠየቀች።

ሚስትየዋ፣ የሟቹ እህት፣ ከግንቡ ወዲህ እርጥብ አንሶላ ይዛ ቆማ ነበር።

አዎ፣ ታመላልስለታለች። ምን ታድርግ? የሞተው ታላቅ ወንድሟ፣ የታሰረው ባሏ። ጠዋት ለአንዱ ታለቅሳለች፣ ቀትር ላይ ለሌላው ምሳ ቋጥራ ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች። እናቷማ ቁርጡን ነግራታለች፤ የዚያን ሰው ስም ቤቴ ውስጥ ካነሳሽ እናት አለኝ እንዳትዪ ብላታለች። እሷን ግን ሌሊትና ቀን የሚበላት የሰው አፍ አልነበረም። እውነት እሱ ገድሎት ቢሆንስ የሚለው ነው። እውነት ከሆነ ከሱ ጋር እንዴት አንድ ጣሪያ ስር ትኖራለች? ውሸት ከሆነ ደሞ እንዴት ዝም ብላ ታስወስደዋለች?

ነገሩ የሆነው የባሏ አጎት ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ገንዘቡና ቁልፉ የሳቸው፣ ሥራው የሌሎቹ። ከባድ መኪናና ተሳቢ ይጠግናሉ፣ መንገድ ላይ የቀረውንም ጎትተው ያመጣሉ። ግቢው ከላይ ከበሩ ጀምሮ እስከ ታች መጠገኛው ድረስ ቁልቁለት ነው። ወንድሟ የጎታች መኪናው ሾፌር ነበር። የመኪናው ጀርባ ላይ ዊንች የሚሉት ነገር አለ፤ ትልቅ የብረት ከበሮ ነው፣ ካቦ የሚባለው የብረት ገመድ የሚጠመጠምበት። የድሮው ዊንች ጥርሱ አልቆ ሲጣል፣ አዲስ ለመምረጥ ሾፌሩና መካኒኩ ሳምንት ሙሉ ተነታረኩ። ሾፌሩ «ሃያ አምስት ቶን» የተጻፈበትን አይቶ ልቡ ሸፈተ። መካኒኩ አስራ አምስቱ ይሁን አለ።

ነገሩን ሲያስረዳ ለሚስቱም ሳይቀር አሰልችቷታል። የተጻፈው ቁጥር እውነት የሚሆነው ከበሮው ላይ ትንሽ ካቦ ሲቀር ነው፣ ከበሮው ጢም ብሎ ሲሞላ ጉልበቱ ሲሶው ይቀንሳል ይላል። ትልቁን የኛ መኪና ሻንሲ፣ አካሉን የተሸከመው ብረት፣ አይችለውም ይላል። ጉልበት ካነሰኝ ካቦውን ፑሊ በምትባለው መንኮራኩር አዙሬ አጥፈዋለሁ፣ ያኔ እጥፍ ይስብልኛል ይላል። ደሞ በመጨረሻ ሁሌ የሚላት ነገር ነበረ፦ «ትልቁ መጎተት ነው የሚያውቀው። እኔ የምፈልገው ሲያወርድ መያዝ የሚያውቀውን ነው።»

አሸነፈና አስራ አምስቱ ተገጠመ።

ወር አልሞላውም። ረቡዕ ጠዋት ፍሬኑ የተበላሸ ተሳቢ፣ ሲሚንቶ እንደተጫነ መጣ። በዊንች ቀስ አድርገን ወደ መጠገኛው እናውርደው ተባለ። መካኒኩ ካቦው በፑሊ ይታጠፍ ብሎ አዘዘ። ዊንቹን የሚያንቀሳቅሰው ሽበቱ ነበር፤ ፀጉሩ ያለጊዜው ስለነጣ ነው እንዲያ የሚሉት። ሾፌሩ ታኮውን፣ ማለት ጎማ ስር የሚወሸቀውን እንጨት፣ ይዞ ከተሳቢው ጎን ጎን ይወርዳል። መሀል መንገድ ላይ ካቦው ከከበሮው ተፈትልኮ ወጣ። ተሳቢው ለቀቀ። ወንድምየውን ከመጠገኛው ግንብ ጋር አጣበቀው።

ትንሹ ዊንች አልያዘም ተባለ። መጀመሪያ ያሉት አጎትየው ናቸው፣ እራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። መካኒኩም አልተከራከረም። ይኸው ነው ሚስቱን የገደላት።

ምርመራው የደረሰው አንዲት ቀጭን ኢንስፔክተር እጅ ላይ ነው። ከኋላዋ መርፌዋ ይሏታል፣ የማትገባበት ቀዳዳ የለም ለማለት። መካኒኩ ጣቢያ ውስጥ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ብሎ ወረቀቱን ሊፈርም ሲል ከእጁ ነጠቀችው። ሦስት ቀን እንቅልፍ ያልነካውን ሰው ፊርማ አልቀበልም አለችው። ሆኖም ፋይሉ በማግስቱ ከምሳ በፊት ለዐቃቤ ሕግ መድረስ አለበት፤ እሷም ከዚያ በላይ ጊዜ አልነበራትም።

በዚያው ቀን እህትየው ቤት መጣች። ስለ ጠቡ አልጠየቀቻትም። «የወንድምሽ ሸሚዝ እጅጌ ላይ ቀይ ነበረ» አለቻት። «ሰው ሁሉ ደም መስሎታል። እኔ ግን በጥፍሬ ስፍቀው ተላጠ። ቀለም ነው።»

እህትየው ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላት። አዲሱ ዊንች የተገጠመ ሰሞን ወንድሟ እጁ እስከ ክንዱ ቀይ ሆኖ መጥቶ የበሯን እጀታ አበላሽቶባት ነበር። ጮኸችበት። እሱ ሆዬ ይስቃል። ከበሮው ስር የሚቀረውን የካቦ ጫፍ ስምንት ሜትር ቀባሁት፣ ቆርቆሮው ሙሉ አለቀ አላት። ካቦው ተፈትቶ ተፈትቶ ቀዩ ብቅ ሲል ዊንቹን የያዘው ሰው ማቆም አለበት።

«ለምን ማቆም አለበት?» አለች ኢንስፔክተሯ፣ እያወቀች።

«ሸክሙን የሚይዘው ከበሮው ላይ የቀረው ዙር ነው ብሎኛል። ጫፉ ላይ ያለችው ብሎን ምንም አትይዝም አለኝ። እንደ ሻሽ በይው አለኝ፤ የሚያጠብቀው ዙሩ ነው እንጂ ስፒሉ አይደለም።» ዞር ብላ የበሩን እጀታ አየች። «ደሞ ቀይ አይቶ የማይቆም አንቺ ብቻ ነሽ ብሎ ቀለደብኝ።»

ኢንስፔክተሯ ተነሳች። «ነይ፣ ጋራዡን አሳዪኝ።»

ግቢው ውስጥ ካቦው ቁልቁለቱ ላይ እንደተጋደመ ነበር። ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ ዊንቹ ዘንድ ሄደች። ማሰሪያ ብሎኖቹን አንድ ባንድ ነካካች፤ አልተላቀቁም፣ አልጎበጡም። የዊንቹን ፍሬን አስከፈተችና አፍንጫዋን አስጠጋች። አልተቃጠለም። ከዚያ ካቦው ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለችና ብዙ ቆየች። ቀዩን በስንዝር ለካችው። አንድ ሜትር እንኳን በቅጡ አይሞላም። ጫፉ ደሞ ሽቦ ሽቦው ተበትኗል።

ሽበቱን ጠራችው። ማንም እንዳላመነው፣ ስልክ ሲያወራ ነው እንደሚሉት፣ ሚስቱ እንኳን አይኑን ማየት እንደተወች ነገራት። «ቀዩን ስጠብቅ ነበር» አለ። «እምልልሻለሁ፣ ቀዩን ስጠብቅ ነው ካቦው ያለቀብኝ።» ሌላም ነገር አለ፤ የዚያን ቀን ጠዋት ካቦው ከወትሮው አልፎ ሲፈታ ላላ ብሎ ይዘል ነበር፣ ልጅ እንደጠቀለለው ክር። ሾፌሩም መካኒኩ ቸኩሎ ጠምጥሞት ነው ብሎ አጉረመረመ።

ኢንስፔክተሯ መካኒኩን ጣቢያ ውስጥ ይህንኑ ጠይቃው ነበር። ካቦ ስጠመጥም ጫፉ ላይ መኪና አስሬ እያስጎተትኩ ነው፣ ካልጠበቀ አንዱ ዙር በሌላው ስር ይሰምጣል ብሏታል።

ከዚያ ከግቢው ጥግ የሚሠራውን በያጅ አስጠራች። ቀልድ ካፉ የማይጠፋ ሰው ነበር፣ ያን ቀን ግን ቀልዱ ደርቋል። ካቦ ስትቆርጥ እንዴት ነው የምትቆርጠው አለችው። ሁለቱን ጎን በቀጭን ሽቦ አስሬ፣ ከቆረጥኩ በኋላ ጫፉን አቅልጬ አያይዘዋለሁ አላት። «ካልታሰረ እንደ መጥረጊያ ይበተናል» አለ፤ እንዳለም አይኑ መሬት ላይ ካለው ጫፍ ላይ አረፈ።

አጎትየው ወንበር አወጡላት፣ ውሃ አስቀረቡላት። ልጅ ስላልነበራቸው የእህታቸውን ልጅ፣ መካኒኩን፣ እንደ ልጅ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በየቀኑ ጣቢያ እየሄዱ እንደሚያጽናኑት ነገሯት። አምነህ ፈርም፣ ሸክሙ ይቀልልሃል እያልኩ እመክረዋለሁ አሏት። እህትየው ይህን ስትሰማ ግንቡን ተደገፈች። እሳቸው እንኳን ካመኑ፣ እሷ ምን ቀራት?

በሩ አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ጓደኛዋ ደግፋ ወስዳ አስቀመጠቻት። ይህችን ሴት እንዳመጣላት ነው የሚሏት፣ አፏ ላይ የመጣውን ስለማታስቀር። ለኢንስፔክተሯም ሻይ ቀዳችላትና፣ ወሬ ካልቀዳች አይሆንላትምና፣ ጀመረች። የቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሶ ሲንጋጋ አጎትየው መሰላል ላይ ወጥተው በሩን ግሪስ ይቀቡ ነበር አለች። ያውም እስከ ክርናቸው። ለእንግዳ ሲጥ ሲጥ እንዳይልባቸው ይሆናል፣ ሀብታም ሲያዝን እንዲህ ነው መቼስ አለች።

ኢንስፔክተሯ ብርጭቆውን ሳትጠጣ አስቀመጠችው። ቀና ብላ በሩን አየችው። ተንሸራታች በር ነው፣ ሲለቁት እራሱን የሚዘጋ፤ የሚስበው ከምሰሶው ኋላ፣ ማንም ልብ በማይለው ቦታ፣ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ክብደት ነው። «ይሄ ክብደት ከመቼ ወዲህ ነው?» አለች። ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው አለች እንዳመጣላት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። መካኒኩ እጁ በካቴና እንደታሰረ በፖሊስ ታጅቦ መጣ። ከስቶ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሚስቱን አይቶ አንገቱን ደፋ። አጎትየው፣ ሚስታቸው፣ ሽበቱ፣ በያጁ፣ እንዳመጣላት፣ ሁሉም አሉ። እናትየውም መጥታ ከበሩ ውጪ ቆማለች፣ አልገባም ብላ።

«መጀመሪያ የዊንቹን ነገር እንፍታው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ትንሽ ነው ያላችሁት ዊንች አልተነቃነቀም፣ ፍሬኑም አልነደደም። ሲያወርድ ይዞ ነበር። ካቦውም አልተበጠሰም። ከከበሮው አልቆ ነው የወጣው። ዊንቹን የመረጠው ሰው አልተሳሳተም።»

እህትየው ባሏን ቀና ብላ አየችው።

«ታዲያ ሽበቱ ለምን አላቆመም? ቀዩን ስላላየ ነው። ሟቹ ስምንት ሜትር ቀብቶ ነበር፣ እዚህ ያለው አንድ ሜትር ነው። ሰባቱን ሰው ወስዶታል። ጫፉን ለመውሰድ ደግሞ ካቦውን ሙሉ መዘርጋት አለ፣ የመኪናውን ሞተር ማስነሳት አለ። ሥራ ባለበት ቀን ይህን ማድረግ አይቻልም። እሑድ ነው የተደረገው፣ ቁልፍ ያለው ሰው ነው ያደረገው።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«ሽበቱ ቢሆን እራሱ የቆረጠውን ቀይ አይጠብቅም። በያጁ ቢሆን ጫፉን አስሮ አቅልጦ ይቆርጣል፣ እንደ መጥረጊያ አይበትነውም። መካኒኩ ቢሆን መልሶ ሲጠመጥም እያስጎተተ ያጠብቀዋል፣ እንደ ክር አያላላውም። እንግዲህ ቁልፉ ያለው፣ ዊንች ግን በሕይወቱ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው የቀረን።»

ቤንዚን የነካ ጨርቅ አውጥታ ወደ በሩ ሄደች። የክብደቱን ገመድ ይዛ፣ ግሪሱን ከላይ ወደ ታች በአንድ ትንፋሽ ጠረገችው። ቀይ ወጣ። እስከ ታች ድረስ ቀይ። የእህትየው ወንድም በእጁ የቀባው ቀይ። በዚያ ስር ነው ሬሳው ያለፈው፣ በዚያ ስር ነው እሷም ትናንትና ዛሬ ያለፈችው።

እናትየው ከውጪ የሰው ያልሆነ ድምፅ አወጣች።

አጎትየው ቁጭ አሉ፣ ወንበር ባልነበረበት። ትርፍ መሰለኝ አሉ። ዊንቹ ከተገጠመ ጀምሮ ጫፉ ሲፈታ አላየሁም፣ እንዲሁ ከበሮ ስር ተጠምጥሞ የሚቀር መሰለኝ አሉ። ለአንድ በር አዲስ ካቦ ከምገዛ ብዬ ነው አሉ።

«ባይታጠፍ ኖሮ እስከ ጫፉ አይፈታም ነበር» አለ መካኒኩ በቀስታ። «እኔ ነኝ ይታጠፍ ያልኩት። በፑሊ ሲዞር እጥፍ ርዝመት ነው የሚበላው።»

«ትክክል ነው ያልከው» አለችው ኢንስፔክተሯ። «ቀዩ በቦታው ቢሆን ኖሮ ሽበቱ ያቆም ነበር። ያንተ ሥራ ትክክል ነበር።» ካቴናውን ፈታችለት።

እጁ ነፃ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግበት ጠፋው። አጎቱን አያቸው። «ጋሼ» አለ። «ካቦው አልቆ ሲወጣ እዚሁ ቆመው ነበር። ያኔውኑ ገብቶዎታል። ጣቢያ መጥተው እጄን ይዘው ፈርም ሲሉኝ ያውቁ ነበር።»

አጎትየው መሬቱን ተመርኩዘው ሊነሱ ሞከሩ። ፖሊሱ በክንዳቸው ይዞ ሲያስነሳቸው ሚስታቸው መሀል ገቡ፣ ነጠላቸው መሬት እየጎተተ። ሽማግሌ ናቸው አሉ፣ አስበው አይደለም አሉ፣ የአንድ ቤት ነገር ነው እዚሁ ይለቅ አሉ። በያጁ ራሱን ነቀነቀ፤ ሽበቱም መሬት መሬት አየ። ሰው መራራት ጀመረ። ሴትየዋም ይህን አይተው ወደ እህትየው ዞሩ። «አንቺው ተናገሪላቸው ልጄ። እሳቸውን ማሰር ወንድምሽን አይመልስልሽም።»

እህትየው ባሏ አንጓ ላይ የካቴናውን ምልክት አየች። ከኋላዋ እንዳመጣላት የሻይ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ወደፊት መጣች።

«ባሏን ስታሳስሩት ወንድሟ ሊመለስላት ኖሯል?»

ፖሊሱ አጎትየውን ደግፎ በቀዩ ገመድ በኩል ይዟቸው ወጣ።