ወለተ ሚካኤልን ያስገባት ማን ነው?

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያወራ በሆዴ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ልጅ ሆኜ እንኳ በጨለማ ብቻዋን ወደ ደጅ የምትላከው እኔ ነበርኩ። ይሄኛውን ግን፣ እመኑኝ፣ እስከ ዛሬ በየት በኩል እንደምስቅበት አላውቅም።

እዚህ ኦስሎ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ቴሌግራም ላይ የጸሎት ቡድን አለን፣ እዚያ ሁሉም የሚገባው በክርስትና ስሙ ነው፣ ፎቶ የለ፣ የዓለም ስም የለ፣ ማን ማን እንደሆነች መጠየቅም ነውር ነው። ከመካከላቸው አንዷ፣ ወለተ ሚካኤል የምትባል፣ በግል ትጽፍልኝ ጀመር። «እንዴት ዋልሽ? በላሽ?» ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ሰው ፊት አፌ የሚተሳሰር ስለሆንኩ በጽሑፍ ቀለለኝ፣ ያልነገርኳት የለም፣ ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ማቋረጤ ብቻ ሲቀር። ያንን የምታውቀው ሰላም ብቻ ነበረች። ሰላም ማለት ማዮርስቱን የሚባል ሰፈር አንድ ቢሮ አብራኝ የምታጸዳ፣ ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር ማለት ነው፣ በኖርዌይኛ ደብዳቤ በላከልኝ ቁጥር የምታነብልኝ፣ በዚህ አገር ያለችኝ አንድ ጓደኛ ናት።

አንድ ቀን ወለተ ሚካኤል «ከአምስተኛ ክፍል ማቆም ምን ያሳፍራል?» ብላ ጻፈችልኝ። በማግስቱ ደግሞ ድምፅ ላከች፣ ቃል የለውም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ከትንፋሹ ኋላ ግን ሲጥ... ሲጥ... የሚል ነገር አለ፣ ደጋግሜ ሳዳምጠው የኛው የመወልወያ ባልዲ ጎማ ነው! ታዲያ ሌላ ማንን ልጠርጥር?

የዚያን ዕለት ከሥራ በባቡር ስንመለስ፣ የበረዶው ወቅት ስለነበር ገና በአሥር ሰዓት ጨልሟል፣ ሰላም ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ቀስ ብዬ ለወለተ ሚካኤል «የት ነሽ?» ብዬ ጻፍኩ። የሰላም ኪስ ጥዝዝ አለ። ስልኳን አውጥታ አየችና ፈገግ አለች።

«አንቺ ነሽ አይደል?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ወለተ ሚካኤል! አለመማሬን ይዘሽ ስትጫወቺብኝ ከረምሽ።»

«አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ? እኔ ከዚያ ቡድን ከወጣሁ ቆየሁ እኮ፣ ያን ሁሉ መልእክት ማን ያነባል!» ብላ ልትስቅ ሞከረች።

«አትሳቂ! ደብዳቤዬን የምታነቢልኝም ለመሳቂያ ነው።»

ፊቷ ተለወጠ። «እንኪ፣ አንብቢው!» ብላ ስልኳን ጭኔ ላይ ወረወረችው። የጻፈላት ወንድሟ ነው፣ «ወተት አልቋል፣ ይዘሽ ነይ» ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም። ቀና ስል በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍናለች። በዚያች ደቂቃ፣ የሷ ስልክ በእጄ እያለ፣ የኔው በራ።

«ተያት፣ እያለቀሰች ነው» ይላል። ወለተ ሚካኤል ናት።

ዙሪያዬን አየሁ። አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው ተኝተዋል፣ አንዲት ሴት የልጅ ጋሪ ትነቀንቃለች፣ ስልክ የያዘ አንድም ሰው የለም።

ሃውገሩድ ጣቢያ ስንደርስ ሰላም ስልኳን ነጠቀችኝና «ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም» ብላኝ ወረደች፣ የኔ መውረጃ ቀጣዩ ትሮስተሩድ ነው፣ ምናለ ያን ቀን አብሬያት ወርጄ እግሯ ላይ በወደቅኩ፣ አልወረድኩም። ከዚያ የሥራ ቦታ ቀየረች፣ ስደውል አታነሳም፣ ቅዳሴ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች።

ቡድኑን የሚመሩትን እትዬ አልማዝን «ወለተ ሚካኤልን ማን ነው ያስገባት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን ሲጎረጉሩ ቆዩና «አይ አንቺ! ራስሽ አስገብተሻት እኔን ትጠይቂኛለሽ? ይኸው ስምሽ» አሉኝ። እኔ እኮ ሰው ማስገባት እንኳ አላውቅበትም።

ባለፈው እሁድ እንደገና ጻፈችልኝ፣ «አሁን እኔና አንቺ ብቻ ቀረን» ትላለች። ስልኩን ገልብጬ አልጋው ላይ ጣልኩት፣ ከስልኬ ላጠፋት አሰብኩ፣ እውነት አሰብኩ። ግን ሰላም ከሄደች ወዲህ እንዴት ዋልሽ የሚለኝ ሌላ ማን አለ? ሲመሽ አነሳሁትና «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ብዬ መለስኩላት።