ሙት የሰጠው ድምፅ

እንደራሴ አልሲድ ብሩሳርድ ሞቶ የተገኘው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከምክር ቤቱ አዳራሽ ጀርባ ባለችው ጠባብ ማረፊያ ክፍል ወለል ላይ ነው። የከዳው ልቡ ነበር። ክኒኑ በኮቱ ኪስ፣ ኮቱ ደግሞ ከተዘረጋው እጁ ሁለት ክንድ በሚርቅ ወንበር ላይ። የልብ ምት የሚቆጥረው የእጅ ሰዓቱ ዘጠኝ ከአምስት ላይ ቀጥ ብሏል። ይኸው አልሲድ ግን ዘጠኝ ከአሥር ላይ ድምፅ ሰጥቷል! በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ ከስሙ ጎን ቀይ መብራት በርቶ፣ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀትን የሚገድበው ሕግ በአንድ ድምፅ ወድቋል። ሃምሳ አንድ አረንጓዴ፣ ሃምሳ ሁለት ቀይ።

የምክር ቤቱ ጥበቃ መርማሪ ዴልፊን ጊድሪ ጉልበቷን እየረገመች ሬሳው አጠገብ በርከክ አለች። ስልሳ ዓመቷ ነው፤ አሥራ ዘጠኙን እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ቆማ ጨርሳዋለች።

ድምፁ አላስገረማትም። በዚያ ቤት ሁለት ሁለት እንደራሴዎች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሲቀር ጎረቤቱ ቁልፉን ይጫንለታል። ደንቡ ይከለክላል፣ ሁሉም ያደርገዋል፣ የአደባባይ ምስጢር ነው። ያልተዋጠላት በሩ ነበር። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን የዚያች ክፍል በር በጡብ ተደግፎ ክፍቱን ይውላል፤ ከተዘጋ የጥሪው ደወል አይሰማም። አሁን ግን ሬሳውን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛ በሩን ተዘግቶ ነው ያገኘችው። ጡቡም ከኮሪደሩ ግድግዳ ጥግ ተቀምጧል።

«ልብ ድካም ጡብ አያነሳም» አለች ዴልፊን፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ማርጎ ቴሬልን ነው። ማርጎ የነዳጅ ኩባንያዎቹ ማኅበር ወኪል ናት፤ እንደራሴዎችን ስታግባባ የምትውል፣ ዓይኗን በጨው ያጠበች ሴት። አልሲድን በዚያች ክፍል ማናገሯን አልካደችም። ቀይ እንዲጫን ለምናው እምቢ እንዳላት፣ ስምንት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ትታው ወደ ተመልካቾች ሰገነት እንደወጣች ተናገረች። የሰገነቱ ዘበኛም መዝገቡን ገልጦ መሰከረላት፤ ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አላለችም። የአልሲድ ጸሐፊ ላኔል ደግሞ ያን ሰዓት ሁሉ በምክር ቤቱ ዋና ጸሐፊ ቢሮ ወረቀት ሲያባዛ ነበር። ዋናው ጸሐፊ ሽማግሌው ዊትፊልድ፣ ላኔል ሲነጫነጭ እንደነበር ሳይቀር ያስታውሳል።

ሦስተኛው፣ የአልሲድ የጠረጴዛ ባልደረባ ክሎቪስ ሮቢሾ ነው፤ የሃያ ዓመት ወዳጁ፣ የልጁ የኖኤላ የክርስትና አባት። ሲያወራ እንባው ዱብ ዱብ ይላል፤ እንባው ደግሞ የእውነት ነው፤ ዴልፊን የውሸቱን ብዙ አይታለች። አልሲድ ጠዋት ሕመም ተሰምቶት «ካልመጣሁ ቀይ ተጫንልኝ» እንዳለው ነገራት።

«ድሮስ ማን ይጫንለታል?» አለ። «ሃያ ዓመት እኮ ነው፣ ወይዘሮ ጊድሪ።»

ኖኤላ የደረሰችው ሊመሽ ሲል ነው። የአባቷ የምርጫ ክልል የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ነው። በልጅነቷ የቤታቸውን መብራት ሳያበሩ፣ ከነዳጅ ማጣሪያው በሚንቦገቦገው የጋዝ ነበልባል የቤት ሥራዋን ትሠራ እንደነበር ለዴልፊን አወራቻት። አባቷ ለዓመታት ከኩባንያዎቹ ጋር ድምፅ ሲሰጥ ኖሯል። ስምንት ከሃምሳ ላይ ግን ደውሎላት ነበር።

«‹ዛሬ አረንጓዴውን ነው የምጫነው፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቀና ብዬ እገባለሁ› አለኝ። አፍሮ ነው የኖረው። አሁን በቀይ ሞተ። ‹ሸጦን ሞተ› እየተባለ ልቅበረው? እሱን ንገሪኝ።»

ዴልፊን ተነስታ ወደ ዊትፊልድ ሄደች፤ የድምፅ መስጫ ማሽኑ የመዘገበውን የየሰከንዱን ዝርዝር አወጣላት። አንድ ጊዜ አየችው፣ ሁለተኛ አየችው፣ መነጽሯን አወለቀች። አልሲድ በሌለበት ክሎቪስ የተጫነለትን ያለፉ ጊዜያት ሁሉ እንዲያወጣላት ጠየቀችው።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ክሎቪስ በለመደው ወንበሩ ተቀመጠ፤ ኖኤላ በአባቷ ቦታ፣ አጠገቡ።

«ሟቹ ስምንት ከሃምሳ ላይ ከልጁ ጋር አውርቷል» ብላ ጀመረች ዴልፊን። «ያኔ ወይዘሮ ማርጎ ሰገነት ላይ ናቸው፣ ላኔል ዋናው ጸሐፊ ዘንድ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወሉ ተደወለ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ጡቡን አንስቶ በሩን ዘጋ። አቶ ዊትፊልድ፣ እዚህ ቤት ሰው ለጎረቤቱ መቼ ነው የሚጫነው?»

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ። «መጨረሻ ላይ ነዋ። ድምፅ መስጫው ስልሳ ሰከንድ ነው። ሰውዬው እየሮጠ ሊገባ ይችላል፤ ቀድመህ ተጭነህለት ካገኘህ ስድብ ነው። አፈ ጉባኤው ‹ያልሰጠ አለ?› እስኪል ይጠበቃል።»

«የተከበሩ ሮቢሾ ለአልሲድ አርባ አንድ ጊዜ ተጭነውለታል» አለች። «አርባውን ከሃምሳኛው ሰከንድ በኋላ። የትናንቱን ግን በሁለተኛው ሰከንድ። ከአዳራሹ ሁሉ ቀድሞ የበራው መብራት የአልሲድ ነው። የራስዎን እንኳ የተጫኑት በአሥራ አንደኛው ነው። ሃያ ዓመት ሲጠብቁት ኖረው ትናንት ያልጠበቁት ለምንድን ነው? እንደማይመጣ በምን አወቁ?»

ክሎቪስ ፊቱ ፍም መሰለ። ከዚያ ከኖኤላ ዓይን ሸሽቶ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ።

ሁሉንም ተናዘዘ፦ ደወሉን ሰምቶ አልሲድን ሊጠራው ሄዶ ነበር። አልሲድ ወለል ላይ ወድቆ እጁን ዘረጋለት፣ ኮቱንም አሳየው። ማርጎ ጠዋት ክሎቪስን ይዛው፣ ከጠረጴዛቸው ሁለት ቀይ ካልመጣ ማኅበሩ ለሚቀጥለው ምርጫ በወንበሩ ላይ ሌላ ሰው እንደሚያቆምበት ነግራዋለች። ክኒኑን ቢሰጠው አልሲድ ተነስቶ፣ ጠዋት እንደነገረው አረንጓዴውን ይጫናል። ሐኪም ቢጠራ ስብሰባው ይበተናል። ይህን ሁሉ ያሰላው ቆሞ ወዳጁን ቁልቁል እያየ ነው።

«በሩን የዘጋሁት እንዳያየኝ ነው» አለ። «እያየኝ መሄድ አቃተኝ።»

«እኔ ድምፅ ነው የጠየቅሁት» አለች ማርጎ። ከዚያ ጫማዋን ማየት ጀመረች።

ኖኤላ ወደ ክሎቪስ ዞራ ጠየቀችው። «ለምንድን ነው ቶሎ የተጫንከው? እንደ ልማድህ ብትጠብቅ ማንም አያውቅብህም ነበር።»

«ከቆየሁ እጄ እምቢ ይለኛል ብዬ ፈርቼ።»

ዴልፊን ማሸነፏ ደስ አላላትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰገነቱ ላይ ቆማ አንዱ ላንዱ ሲጫን አይታ ስቃለች፤ አንድም ቀን አልከሰሰችም። በጠረጴዛ ሥር ተንጠራርቶ የሚጫነውን ለባሏ በእራት ሰዓት እየተወነች ታሳየው ነበር። ይህንንም ለኖኤላ ነገረቻት፤ ሳትነግራት መሄድ አፈረች።

የክሎቪስን ጥፋት ዐቃቤ ሕግ ይመዝነው፤ የአልሲድ ቀይ መብራት ግን ይጠፋ ዘንድ አንድ መንገድ ብቻ እንዳለ ዊትፊልድ ተናገረ። የተጫነው ሰው ራሱ በሙሉ ጉባኤ ፊት ቆሞ «እኔ ነኝ» ማለት አለበት። ማን ደፍሮ ይላል? ሁሉም ይጫናላ። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ተሰምቶ አይታወቅም።

አራት ሰዓት ላይ ክሎቪስ ቆሞ «እኔ ነኝ» አለ። የአልሲድ ቀይ ተሰረዘ፤ ሃምሳ አንድ ለሃምሳ አንድ ሆነና ድምፁ እንደገና እንዲሰጥ ታዘዘ። ክሎቪስ ከፖሊሶቹ ጋር ከመውጣቱ በፊት የራሱን ቁልፍ ተጫነ፣ አረንጓዴውን። ጠዋቱን ሙሉ ግን ከማኅበሩ ለእንደራሴዎቹ ስልክ ሲደወል ነበር። ሕጉ በአርባ ስምንት አረንጓዴና በሃምሳ አራት ቀይ ወደቀ።

ከአልሲድ ስም ጎን ምንም መብራት አልነበረም። ኖኤላ ከሰገነቱ ላይ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አራት ሰዎች ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ዞረዋል» አለች። «የትኞቹ ናቸው?»

«ቀና ብለው ሊያዩሽ የማይችሉትን ፈልጊ» አለቻት ዴልፊን።

ኖኤላ የሰገነቱን አጥር ተደግፋ አዳራሹን ወንበር በወንበር ፈለገች። ቀና ያለ አንድም ሰው አልነበረም።