ያልተቃጠለው የክር ጫፍ

የክሩ ጫፍ አልተቃጠለም ነበር። አይሊ ይህን ያስተዋለችው የኔልስ መኪና ከአባቷ የደጋን ሱቅ ደጃፍ ተነስታ በጥዱ ጫካ መታጠፊያ ከተሰወረች በኋላ ነው። ላይተሩ መሳቢያው ውስጥ ጠዋት እንደተቀመጠ ነበር፤ ማንም አልነካውም።

ትንሽ ነገር ነው። ቀስቱ የሚያርፍበት ማረፊያ በቀጭን ክር ከደጋኑ ጅማት ጋር ይታሰራል፤ ቋጠሮው ሲያልቅ ጫፉ በእሳት ይለበለብና እንደ ዶቃ ይድቦለቦላል። ያቺ ዶቃ ከሌለች ቋጠሮው ዛሬ ባይንሸራተት ነገ ይንሸራተታል፤ ማረፊያው በወጉ አይነሳም፣ ቀስቱም ይስታል። አባቷ ሬይኖ ይህን ያስተማራት ገና በአሥር ዓመቷ ነው።

ታዲያ እንዴት ረሳችው? መልሱን ስታስበው ፊቷ ጋለ።

ኔልስ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የመጣው አዲስ ማረፊያ ሊመርጥ ነበር። እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ የሚሠራ፣ ረጅም፣ ሲያወራ መሬት መሬት የሚያይ ወጣት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት መጋዝ ጣቶቹን ስለጎዳው ብርድ ሲሆን ግራ እጁ ይንቀጠቀጣል። አይሊ ይህን ታውቃለች። ስለ እሱ የማታውቀው ነገር ጥቂት ነው።

ሁለት ማረፊያዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ይሄኛው ዙሪያውን ጠንካራ ፀጉር ያለው ቀለበት ነው። ቀስቱን መሃሉ ካስገባኸው ደጋኑን ብትዘቀዝቀው እንኳ አይወድቅም። ያኛው ደግሞ ጅማቱን ስትስብ ይነሳል፣ ስትለቅ ዝቅ ይላል። ቀስቱ ምንም ሳይነካው ይወጣል።»

«አንቺ ብትሆኚ የቱን ትወስጃለሽ?»

«እኔ ምን አገባኝ? አደኑ ያንተ።»

«አባትሽን ብጠይቀው እስኪመሽ ሊያስተምረኝ ነው። አንቺን የጠየቅኩሽ ለዚህ ነው።»

«ለዚህ ብቻ?»

ቃሉ ከአፏ እንዴት እንዳመለጠ አታውቅም። ኔልስ ቀና ብሎ አያት።

ለሚንቀጠቀጥ እጅ የሚሻለው ባለፀጉሩ ነበር። ታውቃለች። ባለፀጉሩ ግን አንዴ ከተገጠመ ሰውየው ዓመት ሙሉ ወደ ሱቁ አይመለስም። የሚወድቀው ማረፊያ ደግሞ መፈተሽና መስተካከል ይፈልጋል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ምናልባትም ሦስቴ።

«ያኛውን ውሰድ» አለችው። «ቅዳሜ ግን መምጣት አለብህ። ወረቀት ወጥረን በቀስት እየበሳን እንፈትሸዋለን።»

«ቅዳሜ ብቻ?» አለና ሳቀ።

ሳቁን እየሰማች ጓዳ ገብታ ክሩን አሰረች፤ ቆርጣ ጫፉን የረሳችው ያኔ ነው።

ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስታ ሦስቴም መልሳ አስቀመጠችው። ምን ትበለው? አንተን ሳይ ሥራዬን ዘነጋሁ? ደግሞም አባቷ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ክር የምታስረው እሷ እንደሆነች ማንም አያውቅም። በሰሜን ሚሺጋን በዚያ ጥግ ያለ አዳኝ ሁሉ ሬይኖ ያሰረው አይፈታም ብሎ ነው የሚመጣው። ቅዳሜ ሲመጣ በዘዴ አቃጥለዋለሁ ብላ ራሷን አታለለች።

ሌሊቱን ግን ክፉ ክፉው ብቻ ይታያት ነበር፤ ቀስቱ እጁን ሲበሳው፣ ደንግጦ ዛፍ ላይ ከተሠራው የአደን ማማ ሲወድቅ፣ የሚደርስለት ሰው ሲያጣ። ሲነጋም አልደወለችም።

ቅዳሜ ኔልስ አልመጣም። እስኪጨልም መስኮቱ አጠገብ ቆመች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሽማግሌው ኦርቪል ወሬውን ይዞ ጠበቃቸው። ኦርቪል የሱቁ ምድጃ ዳር ቋሚ ደንበኛ ነው፤ የሚገዛው ነገር ኖሮት አያውቅም።

«የመሰንጠቂያው ልጅ አጋዘን አቁስሎ ጠፋበት። ዓርብ ማታ ሆዱን ነው የመታው። ሁለት ሌሊት ውሻ ተውሶ ደም ሲከተል ቆየ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሲያገኘው ተኩላ ቀድሞታል።»

«ሃካላስ ምን አለ?» አለ አባቷ። ኔልስ ያደነበት መሬት የሃካላ ነበር፤ የኔልስ አባትም ዕድሜውን ሙሉ ያደነው እዚያው ነው።

«ምን ይላል? ‹ሁለተኛ እግርህ መሬቴን እንዳይረግጥ› አለው።»

በዚያ አገር የሳተ ሰው ይሳቅበታል። አቁስሎ የጠፋበት ሰው ግን አይሳቅበትም፤ ሲገባ ወሬ ይቆማል። አይሊ ምሳ አልበላችም። ሥጋና ድንች የታጨቀበት ፓስቲዋ ሳህኑ ላይ ቀዘቀዘ። ሁለት ሌሊት፣ እያለች ታስብ ነበር፤ አንድ ስልክ ብደውል ኖሮ።

ሰኞ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ኔልስ ገባና ደጋኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አይሊን አላያትም።

«ሚስተር ሬይኖ፣ ለሚችል ሰው ይሽጡልኝ። ይሄ እጅ አይረባም።»

ምድጃው ዳር የተቀመጠው ኦርቪል ተነሳ። በግድግዳው ላይ በምስማር የተመቱትን ጨርቆች አሳየው፤ በአገሩ ልማድ የሳተ አዳኝ የሸሚዙ ጭራ ይቆረጣል፣ በየዓመቱም ከነስሙ እዚያ ይሰቀላል።

«አይዞህ፣ እዚያ ላይ ሦስቱ የኔ ናቸው! ሚስቴ ሸሚዝ መግዛት ሰልችቷት ነበር። አይሊ፣ መቀሱን አምጪማ!»

ሊያስቀው ነበር። ኔልስ ግን ሸሚዙን ከሱሪው መዘዘና እንደ ተፈረደበት ሰው ጀርባውን ሰጠ።

«ይቆረጥ። ይገባኛል።»

አይሊ መቀሱን ይዛ ቆመች። ደጋኑ ከፊቷ ነው። የክሩ ቋጠሮ የጣት ውፍረት ያህል ተንሸራቷል፤ ጫፉ እንደ አሮጌ ጫማ ማሰሪያ ተበትኗል። ዝም ብትል ማንም አያይም። አባቷ አያይም፣ ኔልስም ጥፋቱን በእጁ አሳቧል።

«አባዬ፣ እጁ አይደለም» አለች። «ክሩ ነው። ጫፉን አላቃጠልኩትም።»

«ማን ነው ያሰረው?» አለ ኦርቪል።

«እኔ ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሁሉንም የማስረው እኔ ነኝ። ይሄን ደግሞ ገና ከደጅ ሳይርቅ አውቄዋለሁ። ልደውልለት እችል ነበር።»

ሬይኖ ክሩን በጣቱ ዳሰሰ፤ የተበተነውን ጫፍ አገኘው።

«በኔ ስም» አለ። ቢመታት ይሻላት ነበር።

የራሷን ሸሚዝ ጎትታ አወጣችና ጫፉን ቆረጠችው። አቆራረጡ ጠማማ ሆነ። የኔልስ ሊሰቀል በነበረበት ቦታ፣ ከሌሎቹ ጎን፣ በምስማር መታችው። ቀልድ አጥቶ የማያውቀው ኦርቪል ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። አባቷም ግድግዳውን እየዳሰሰ ወደ ጓዳ ሄደ።

«ሌላም አለ» አለች ብቻቸውን ሲቀሩ። አሁን መሬት መሬት የምታየው እሷ ነበረች። «ለእጅህ የሚሻለው ባለፀጉሩ እንደሆነ አውቅ ነበር። እሱን ብሰጥህ አትመለስም ብዬ ነው።»

ኔልስ የሸሚዙን ጭራ ወደ ሱሪው መለሰ።

«ባለፀጉሩን ብትሰጪኝም ቅዳሜ እመጣ ነበር እኮ» አለ። «ያለ ምክንያት።»

አይሊ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ሁለት ሌሊት ነው፣ አይሊ። እጄን ስረግመው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም።»

«እሺ። አላውቅም።»

«ሳይፈተሽ ይዤው መውጣቴም አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ትልቅ ቀንድ አየሁና ቅዳሜን መጠበቅ አቃተኝ። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም።»

ባለፀጉሩን ቀለበት አውጥታ ገጠመችለት። እሱ ደጋኑን ያዘላት፣ እሷ ብሎኑን አጠበቀች። ቀስት አስገብቶ ዘቀዘቀው፤ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ቀስቱ ግን አልወደቀም።

«ነገ ሃካላ ጋ ሄጄ እነግረዋለሁ» አለችው።

«ይጮህብሻል።»

«ይጩህ።»

«ውሻውስ? የሃካላ ውሻ እንግዳ አያስጠጋም።»

ይህን አላሰበችበትም ነበር፤ ፊቷ ላይ ታወቀባት። ኔልስ ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጥቼ እወስድሻለሁ። ውሻው እኔን ይወደኛል፤ የተጣላሁት ከባለቤቱ ጋር ነው።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላላትም። እሷም አልጠየቀችም። ወጣ፤ በሩን ዘጋችና እጇን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆመች። በመስታወቱ ውስጥ አየችው፤ ደጋኑን ታቅፎ ደረጃው ላይ ቆሟል።

«ምን ረሳህ?»

«ምንም። ቆልፊው፣ ሰምቼ ልሂድ።»

«ስቆልፈው ትሄዳለህ።»

«አንድ ሰዓት አልኩሽ እኮ።»

ላይመጣ ይችላል። ሌሊቱን አስቦበት ሊተወው ይችላል። አይሊ ይህን ሁሉ እያሰበች ቁልፉን አዞረችው፤ ቀጭ ሲል ሰምቶ ከደረጃው ወረደ።