ያልተካፈለው ብርዝ

ሰው ከደረጃ ወድቆ ይሞታል፤ ያለ ነገር ነው። ወድቆ ከሞተ በኋላ በሩን ከውጭ ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ የሚሄድ ሬሳ ግን እስካሁን አልተሰማም። የጄኔቫ ፖሊስ «አደጋ ነው» ብሎ የከፈተውን መዝገብ በማግስቱ የለወጠው በዚህ በር ምክንያት ነበር።

ሟቹ ሀብተሥላሴ ይባላል። ጄኔቫ፣ ካሩዥ ሰፈር ውስጥ ከባለቤቱ ከለተሚካኤል ጋር ይኖር ነበር። በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ደብተር በብብቱ ይዞ ወደ ሕንፃው ምድር ቤት ወረደ። በዚያ ቀን የኮሌጅ ጓደኞቹ ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ስለነበር፣ የድሮ ፎቶዎችና ዜናዎች የታጨቁበትን ካርቶን ሊያወጣ ነበር የሄደው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሕንፃው ጠባቂ በሩን ሲሰብር ሀብተሥላሴ ከደረጃው ግርጌ ተዘርግቶ ተገኘ። ካርቶኑ አጠገቡ ነበር፤ ደብተሩና ቁልፉ ግን የሉም። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም፣ ሟቹ ከወደቀ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ሳይቆይ አልቀረም አለ። ለተሚካኤል ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየችም።

ፖሊስ የመጀመሪያውን ተጠርጣሪ ለማግኘት ሩቅ አልሄደም። ሙጃሂድ የወሎ ልጅ ነው፤ ፕላንፓሌ ሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ በወጥ ቤትነት ይሠራል፤ ከሟቹ ቤት በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ከስብሰባው ሁለት ቀን በፊት በስልክ ሀብተሥላሴ ላይ ሲጮህ ተሰምቷል። በምርመራው ክፍል አማርኛውን ወደ ፈረንሳይኛ የምትመልሰው ወይዘሮ መስታወት ነበረች። አዲስ አበባ ሳለች ሃያ ሁለት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች። ዛሬ ሥራዋ ሰው የሚናገረውን መተርጎም ነው፤ ሰው የማይናገረውን መስማት ግን የማይለቃት አመል ሆኖባታል።

መርማሪው አንድ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ስብሰባው ላይ፣ ሬሳው ሳይገኝ ከሁለት ሰዓት በላይ ቀድሞ የተነሣ ነው። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አምስት ብርጭቆ ተደርድሯል።

«ብርዙን የቀዳኸው አንተ ነህ?»

«አዎ። ታናሻቸው ስለሆንኩ ሁልጊዜ የምቀዳው እኔ ነኝ።»

«ለሦስታችሁ ቀድተሃል። የሟቹን ብርጭቆ ዘለልከው። እንደማይመጣ ታውቅ ነበር ማለት ነው?»

«ለቀረ ሰው እኔ አልቀዳም። ደንቡ አይደለም።»

መርማሪው «ደንብ» የሚለውን ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረ። እንዳላመነው ፊቱ ላይ ይነበባል። መስታወት ግን ፎቶውን ከተፈቀደላት በላይ ትንሽ ረዘም አድርጋ አየችው።

ሲወጡ ትራም ማቆሚያው ጋ ሙጃሂድ ቆሞ ጠበቃት።

«እትዬ መስታወት፣ ወንድሜ ዐብዱ የማኅበሩ ልጅ ነበር። የፈተና ወረቀት ሰርቀሃል ተብሎ ከኮሌጅ ተባረረ፤ በስደት ሲወጣ በረሃ ላይ ቀረ። ጋሼ ሀብተሥላሴ ‹ሌባው እሱ እንዳልነበር አወቅሁ፤ ዘንድሮ ለማኅበሩ በማነበው ዜና ስሙን አነጻለታለሁ› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ጮህክበት?»

«እስከ ቅዳሜ ጠብቅ ሲለኝ ነዋ! ሃያ አምስት ዓመት ጠበቅን፣ ደግሞ ቅዳሜ?» ልጁ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «ፔርሚዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በሚቀጥለው ወር ይታደሳል። ብታሰር እሱ ይቅር፣ እናቴስ? አንዱን ልጇን ሌባ ብለው ወሰዱባት፤ ሌላውን ነፍሰ ገዳይ ሊሉባት ነው። ሁለቱንም በሐሰት።»

መስታወት በዚያው ቀን የዚህን መዝገብ አስተርጓሚነት ለሌላ ሰው አስረከበችና ወደ ካሩዥ ሄደች።

ለተሚካኤል በሩን የከፈተችው የባሏን ሹራብ ደርባ ነበር። ስለ ማኅበሩ ስትጠየቅ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ከዚያ አለቀሰች።

«የአንድ ዶርም ልጆች ናቸው፤ አራት አልጋ። እዚህ የደረሱት ሀብቴ፣ ያሬድና ሱራፌል ናቸው። ሙጃሂድ በወንድሙ ፈንታ ይመጣል። ሀብቴ በየዓመቱ ዜናውን በደብተር ይጽፋል፤ ከዶርሙ ሕንፃ ልጆች ማን አገባ፣ ማን ወለደ፣ ማን ተመረቀ፣ ማን ሞተ። ብርዙ ከቀረበ በኋላ ያነብላቸዋል።»

«ደብተሩ ላይ ስለ ዐብዱ ምን እንደጻፈ አይተሽዋል?»

«አላሳየኝም። ከማንበቡ በፊት ክፉ ዜና የሚነካውን ሰው ለብቻው ያስነብበዋል፤ ልማዱ ነው። ‹ማንም የራሱን ጉድ ጠረጴዛ ላይ መስማት የለበትም› ይላል። ዘንድሮም አንድ ሰው አለ ብሎኝ ነበር። ማን እንደሆነ ግን...»

«ያ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ወደዚህ ሊመጣ ነበር?»

«እኔ አዳራሹን ላዘጋጅ ቀድሜ ወጥቻለሁ። እንጃ።» ለተሚካኤል ቀና አለች። «እውነት አንድ ሰዓት ሙሉ ነፍሱ ነበረች?»

መስታወት ሹራቡን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችላት። ፖሊስ የመለሰውን ካርቶን ተውሳ ወጣች። በማግስቱ ወደ ዙሪክ በሚሄደው ባቡር ላይ የሃያ ዓመት ፎቶ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተጓዘች። አጠገቧ የተቀመጠው ስዊዛዊ ሰውዬ የቤተሰብ አልበም መስሎት ፈገግ ይልላት ነበር። እሷ ግን ፊት አልነበረም የምታየው፤ ብርጭቆ ነበር።

ሱራፌል ዙሪክ ውስጥ ትራም ይነዳል። በእረፍት ሰዓቱ ሳንድዊቹን እየገመጠ ነበር ያገኘችው።

«ለቀረ ሰው ማነው የሚቀዳው?» አለች ሰላምታውን እንደጨረሱ።

«ማንም አይቀዳለትም፤ ይካፈልለታል እንጂ። ግማሽ እንለዋለን። ኮሌጅ እያለን ራት ሰዓት ያመለጠው ልጅ ጦሙን እንዳያድር፣ የአልጋ ጎረቤቱ ከራሱ ድርሻ ግማሹን ያስቀምጥለት ነበር። አሁን በብርዝ እናደርገዋለን። ቀጂው ለተገኘው ብቻ ይቀዳል፤ ከዚያ የቀረው ሰው ጎረቤት ከራሱ ብርጭቆ ግማሹን ይገለብጥለታል።»

«ለሞተስ?»

«ኧረ እትዬ! ለሞተ አይካፈልም። ለሞተ ያካፈለ ዓመት ሳይሞላው ይከተለዋል እንባባል ነበር። የልጅነት ነገር ነው፤ ግን እስከ ዛሬ የደፈረ የለም። የዐብዱ ብርጭቆ ይኸው ባዶውን ይቀመጣል።»

«የሀብተሥላሴ የአልጋ ጎረቤት ማን ነበር?»

«ያሬድ። እኔ የዐብዱ ነበርኩ።»

«ቅዳሜ ከያሬድ ጋር አብራችሁ ነው የሄዳችሁት?»

ሱራፌል ሳንድዊቹን አስቀመጠ። «ሁልጊዜ አብረን ነው የምንሄደው። በዚያ ቀን ባቡሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈለግሁት፤ የለም። ጄኔቫ ስወርድ ፉርጎው በር አጠገብ፣ መሳፈሪያው ላይ ቆሞ አየሁት። ‹ፊተኛው ፉርጎ ውስጥ ነበርኩ› አለኝ። ፊተኛው ውስጥም ፈልጌዋለሁ እኮ!»

«ለፖሊስ ነግረሃል?»

«ሰው ሽንት ቤት ይገባል ብዬ ተውኩት።»

ያሬድ የሚኖረው አድሊስቪል ነው፤ ከዙሪክ ወጣ ብሎ ዚል ወንዝ ዳር። መሐንዲስ ነው፤ የኮሚዩኒቲውም ሊቀመንበር። የእንግዳ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የኮሌጁ የማዕረግ ዲፕሎማ በወርቃማ ፍሬም ተሰቅሏል። መስታወትን በክብር ተቀበላት፤ ሻይ አቀረበ፤ ሀብተሥላሴን አነሣና ድምፁ ተሰበረ። ሐዘኑ የውሸት አልነበረም፤ ይህ ነው ነገሩን የሚያከብደው።

«ስለ ልጁ ምን ልበልዎት» አለ ያሬድ። «ሙጃሂድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቁጡ ነው። የወንድሙ ነገር ውስጡን በልቶታል።»

«ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ ሳላችሁ ሀብተሥላሴ የት ቀረ ብላችሁ ነበር?»

«ትራም ዘግይቶበት ይሆናል ብለን ነዋ። አሁን ይገባል፣ አሁን ይገባል እያልኩ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር።»

«ይመጣል ብለው ነበር?»

«ከልቤ።»

መስታወት አመስግና ሻይዋን ጨረሰች። ያሬድ እስከ ጣቢያው ድረስ ሸኛት፤ ባቡሩ እስኪነሣም እጁን እያውለበለበ ቆየ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለተሚካኤል ሁሉንም እዚያው ፕላንፓሌ ወደሚገኘው አዳራሽ ጠራቻቸው። የሟቹ መታሰቢያ ነው ተብለው ነበር። መርማሪው ከአዲሱ አስተርጓሚ ጋር ከኋላ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ እንደዚያ ቀን አምስት ብርጭቆ ነበር። ሙጃሂድ የብርዙን ጆግ ይዞ ቆሟል።

«ቅዳ» አለችው መስታወት። «እንደዚያ ቀን።»

ለያሬድ፣ ለሱራፌልና ለራሱ ቀዳ። ሁለቱ ብርጭቆዎች ባዶ ቀሩ። መርማሪው ከኋላ ራሱን ነቀነቀ።

«አዩ» አለች መስታወት ወደ እሱ ዞራ፤ «ከሙጃሂድ ሥራ ላይ የጎደለ የለም። ቀጂ ለቀረ ሰው አይቀዳም። ሱራፌል፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ስለዚህ የሀብተሥላሴ ብርጭቆ ባዶ መሆኑ በቀጂው አይፈረድም። የሚጠየቀው ግማሹን ሊያካፍለው የሚገባው ሰው ነው።» ካርቶኑን ከፈተችና ሁለት ፎቶ አወጣች። «ይህ ሀብተሥላሴ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሆስፒታል የነበረበት ዓመት ነው። ብርጭቆው ግማሽ አለው፤ የአቶ ያሬድም ግማሽ ነው። ይህ ደግሞ እናቱን ሊቀብር አገር ቤት የሄደበት ዓመት ነው። እንደገና ግማሽና ግማሽ። አቶ ያሬድ ደንቡን ረስተው አያውቁም።»

ቀጥሎ የዘንድሮውን ፎቶ አስቀመጠች። ያሬድ ብርጭቆውን ከፍ አድርጓል፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ከጎኑ ያለው የሀብተሥላሴ ብርጭቆ ደረቅ።

ሱራፌል ጎንበስ ብሎ አየ። «በእኔ ስልክ ነው የተነሣነው፤ አላስተዋልኩም» አለ ቀስ ብሎ። ፎቶ የሚያይ ሰው ፊት ነው የሚያየው።

«ተጨንቄ ነበር» አለ ያሬድ። «ዘነጋሁት። በዝንጋታ ሰው ይሰቀላል?»

«ሊዘነጋ ይችላል። ነገር ግን ሀብተሥላሴ ክፉ ዜና የሚነካውን ሰው አስቀድሞ ያስነብብ ነበር። ስለዚህ ያን ጠዋት የጠራው ሰው የዐብዱን ስም ያጠፋው ሰው ነው። ሙጃሂድ ያን ጊዜ ሕፃን ነበር። ከዚህ ጠረጴዛ ሰዎች የቀራችሁት ሁለት ናችሁ። ሱራፌል ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከዙሪክ ባቡር ወርዷል። እርስዎን ግን ባቡሩ ውስጥ አላገኘዎትም፤ ያገኘዎት መሳፈሪያው ላይ ቆመው ነው። ከባቡሩ አልወረዱም አቶ ያሬድ፤ ባቡሩን ሊቀበሉ ነው የመጡት። ትኬትዎ ስልክዎ ላይ ይኖራል፤ ሰዓቱ ተጽፎበታል። አሁኑኑ ያሳዩን።»

ያሬድ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ግን አላወጣውም።

«ፖሊሱን አታለሉ፤ ጓደኞችዎን አታለሉ» አለች መስታወት። «ይመጣል ብዬ ከልቤ ጠበቅኩት አሉኝ። ግማሹን ሊገለብጡለት ሲሉ ግን እጅዎ እምቢ አለ። ለሞተ አይካፈልምና። በዚያ ሰዓት ሀብተሥላሴ መሞቱን ከገዳዩ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።»

ከውጭ የትራሙ ደወል ተሰማ። ያሬድ ባዶውን ብርጭቆ ትክ ብሎ አየ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ሊቀመንበር ቀስ በቀስ ጠፋ።

«የፈተናውን ወረቀት ሰርቄ ከዐብዱ ፍራሽ ሥር የደበቅኩት እኔ ነኝ» አለ። «ፍተሻ መጣ ሲባል ፈርቼ። ሀብቴ ዛሬ አነባለሁ አለኝ። ልጆቼ አሉ፣ ተው ብዬ ለመንኩት። ደብተሩን ስነጥቀው ሳልፈልግ ገፋሁት። ደብተሩንም ቁልፉንም ዚል ወንዝ ጣልኳቸው። ግን እኔ ስወጣ ሞቶ ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል!»

ለተሚካኤል ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«አልሞተም ነበር፣ ያሬድ። አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያ ጨለማ ውስጥ ተኝቶ ነበር። አንተ ከላይ ቆልፈህበት ሄድክ።»

መርማሪው የያሬድን ክንድ ይዞ ሲያወጣው እንደ ሕፃን ነበር የሚከተለው።

ኋላ ለተሚካኤል ከቦርሳዋ አዲስ ደብተር አወጣች፤ የመጀመሪያው ገጽ በራሷ እጅ ተጽፎበታል። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ «የዓመቱ ዜና። የዶርም ጓደኛችን ዐብዱ ሌባ አልነበረም። በሐሰት ተባረረ። ማኅበሩ እናቱን ይቅርታ ይጠይቃል።»

ሙጃሂድ የራሱን ብርጭቆ አንሥቶ ወደ ሀብተሥላሴ ቦታ ሄደ።

ሱራፌል ደነገጠ። «ሙጃሂድ፣ ተው! ለሞተ አይካፈልም።»

«እሱ ለወንድሜ ሲል አይደል የሞተው?» አለ ሙጃሂድ። ብርዙን ቀስ ብሎ እስከ ግማሽ ገለበጠለትና የቀረውን ጠጣ።